ቀለበት ወይስ ቅስት፤ የገዳሪፍ መንገድ ጥያቄ

አንድን ከተማ በመንገድ ከብቦ፣ ሊያልፍ የመጣውን ተሽከርካሪ ሁሉ ወደ ውስጥ ሳያስገቡ በዳር በኩል መሸኘት፣ ምንም እንኳ ዛሬ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቢታይ፣ በመሠረቱ ነዋሪው ከመንገደኛው የሚያገኘውን ጥቅም ከሚደርስበት ጉዳት ጋር የሚያመዛዝን የፍርድ ሥራ ነው፤ ይህንም ፍርድ በቅን ለመፍረድ ከካርታው አስቀድሞ ገበያውን፣ ከገበያውም አስቀድሞ አፈሩንና ዝናሙን ማወቅ ግድ ይሆናል። የቀለበት መንገድ ነገር በእኛ ዘንድ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ ግን በዚህ ዳሰሳ ከመተማ ማዶ ያለችውን፣ ለጎንደርና ለአካባቢው ነጋዴ ከብዙ የአገር ውስጥ ከተሞች ይልቅ የምትቀርበውን ገዳሪፍን ማዕከል አድርጌ፣ አዲስ አበባንም ሆነ ሌሎቹን ከተሞች ለምስክርነት ያህል እጠራለሁ፤ ጥያቄው ከነመከራው ጎልቶ የሚታየው ሦስት ታላላቅ መንገዶች በሚገናኙባት እንዲህ ባለች መካከለኛ ከተማ ላይ ነውና።

ገዳሪፍ በስሟ የሚጠራው የምሥራቅ ሱዳን ግዛት ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ ከካርቱም በመኪና መንገድ 410 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ የሹክሪያ ዐረቦች አለቆች በነበሩት በአቡ ሲን ቤተሰብ ስም የአቡ ሲን ገበያ ትባል ነበር፤ ስለዚህ ከተማ ከመሆኗ በፊት ገበያ ነበረች ቢባል ሐሰት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰላ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በ1928 ገዳሪፍ ገባ፤ በማግሥቱም ዓመት ሰናር ድረስ ተዘርግቶ ከአባይ ሸለቆ መስመር ጋር ተጋጠመ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ አስተዳደር፣ በመጀመሪያ ለጦር ሠራዊት ቀለብ ሲል፣ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ በዙሪያዋ ጀመረ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ 100,000 ቶን እህል የሚይዝ ታላቅ ጎተራ ቆመላት። ከካርቱም እስከ ፖርት ሱዳን 1,190 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው አስፋልት በ1980 ሲፈጸምም በገዳሪፍና በከሰላ በኩል አለፈ። እንግዲህ ሐዲዱም፣ ጎተራውም፣ አስፋልቱም ሁሉም በየዘመናቸው የተሠሩት ዕቃንና ሰውን ወደ ከተማይቱ ለመሳብ ነበር፤ የቀለበት መንገድ ሐሳብ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ፣ ከሚመጣው ውስጥ ከፊሉን ወደ ውጭ ለመመለስ የሚነሣ ነውና፣ ገበያ በፈጠራት ከተማ ውስጥ ባለ ሱቁና ባለ ሆቴሉ በጥርጣሬ ቢመለከተው ሊደንቀን አይገባም።

ወደዚህች ከተማ የሚገቡት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከምዕራብ፣ ከካርቱምና ከዋድ መዳኒ ተነሥቶ በአልፋው በኩል ይመጣል፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሾዋክና በኸሽም ኤል ጊርባ አልፎ ወደ ከሰላ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ወደቡ ይወጣል፤ ሦስተኛው ወደ ደቡብ ምሥራቅ በዶካ በኩል ወርዶ ገላባት ሲደርስ ድልድዩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ይሆንና፣ በገንዳ ውኃ በኩል እስከ አዘዞና እስከ ጎንደር ይቀጥላል። ሦስት መንገዶች ባሉበት የሚያልፍ ሰው ጉዞ ከሦስት ዓይነት አይበልጥም፦ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ገላባት፣ ከገላባት ወደ ምዕራብ። ሙሉ ክብ የሚሠራ ሰው ለሦስቱም እኩል ገንዘብ ያወጣል፤ ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም፣ እኩልም ሆነው አያውቁም። ዋናው ፍሰት ለብዙ ዘመን በወደቡና በካርቱም መካከል የነበረው ነው፤ የገላባቱ ቅርንጫፍ እንደ ፖለቲካው አየር አንድ ጊዜ ይሞላል፣ አንድ ጊዜ ይደርቃል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ ዘንድ፣ እንዲህ ላለች ከተማ የሚያሻት በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ቀለበት አይደለም እላለሁ፤ የሚያሻት በጥናት የተመረጠ አንድ ቅስት፣ ከእርሱም ጋር የተሰፋ አዲስ የእህል መራገፊያ ነው።

ይህን የምልበት ምክንያት ከገበያው ጠባይ የሚነሣ ነው። የትራፊክ ሊቃውንት ከብዙ አገር ቆጠራ እንዳረጋገጡት፣ ከተማ ባነሰች መጠን በመካከሏ ከሚታየው ተሽከርካሪ አብዛኛው አላፊ ነው፤ ባደገች መጠን ግን አብዛኛው እዚያው ደራሽ ይሆናል። ትንሽ መንደርን በመንገድ ቢያሳልፏት መንደሪቱ ታርፋለች፣ ምናልባትም ትከስማለች፤ ታላቅ ከተማን ግን ቢከብቧት እንኳ የሚወጣው መኪና ከሚቀረው ያንሳል። ገዳሪፍ ከሁለቱ በመካከል ያለች ስትሆን፣ የምርት ጊዜዋ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ደራሹ ያጋድለዋል። ዘመነ መጸው ገብቶ ሰሊጡ ከታጨደ፣ ማሽላውም ተወቅቶ በጆንያ ከተሞላ በኋላ፣ ከእርሻው የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ ዓላማው ማለፍ አይደለም፤ ጨረታ ወደሚጮኽበት የእህል ገበያ፣ ወደ መጋዘንና ወደ ጎተራ መድረስ ነው። ለዚህ ተሳቢ በከተማው ዳር የተዘረጋው ጥሩ አስፋልት ምንም አይረባውም፤ ገበያው በመካከል እስካለ ድረስ እርሱም በመካከል ይቆማል። ስለዚህ መንገዱ ብቻውን ተሠርቶ ገበያው በነበረበት ከቀረ፣ አላፊው ቦቴ ከከተማው ወጥቶ ደራሹ ተሳቢ ይቀራል፤ ሕዝቡም ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶ ምን ተለወጠ ብሎ ይጠይቃል።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቻይና መንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን የተሠራውና 33 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ፣ ከመገናኛ ተነሥቶ በቦሌ፣ በቃሊቲ፣ በለቡ፣ በጦር ኃይሎችና በኮልፌ በኩል እስከ ዊንጌት ሲደርስ፣ በሰሜን በእንጦጦ ግርጌ ክቡ ሳይዘጋ ቀረ። ቀለበት እየተባለ የሚጠራው በእውነቱ ቅስት ነው፤ ያም ሆኖ የደብረ ዘይትን፣ የጅማንና የአምቦን በር እርስ በርሱ በማገናኘቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ይህም ክቡ መዘጋቱ የጉዳዩ ዋና ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። ትምህርት የሚሰጠው ሌላው ነገር ነው። መንገዱ ሲታቀድ የከተማው ዳር ተብሎ የታሰበው ስፍራ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መካከል ሆነ፤ ከለቡ ማዶ ጀሞ፣ ከመገናኛ ማዶ ሰሚትና አያት ተሠሩ፣ በመንገዱም ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ሕንፃ፣ ጋራዥና የታክሲ መቆሚያ ተደረደረ። ለፈጣን መኪና የተሠራው፣ በመካከሉ ረጅም የኮንክሪት ግንብ ያለው መንገድ፣ አሁን አንድን ሰፈር ከአንድ ሰፈር የሚለያይ ሆነ፤ እግረኛውም የመሻገሪያው ድልድይ ሲርቅበት ልብሱን ሰብስቦ ግንቡን መዝለል ለመደ፤ ዕቃ የተሸከመች እናት ይህን ስታደርግ ያየ ሰው፣ መሻገሪያ በካርታ ላይ ሲመለከት ደስ የሚለውን ያህል በእግር ላይ እንደማይደላ ያውቃል።

በዓለም ታሪክ ከተማን የሚከቡ መንገዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ቪየና ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1857 በሰጡት ትእዛዝ ቅጥሯን ማፍረስ ጀምራ፣ በ1865 በቅጥሩ ስፍራ ላይ የከፈተችው ሰፊ ጎዳና፣ ቤተ መንግሥቱና ቤተ ተውኔቱ፣ ዛፉና ሰረገላው የሚታዩበት የክብር መንገድ ነው፤ ለንደን በ1986 የፈጸመችው 188 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ክብ ግን ማንም የማይቀመጥበት፣ ማንም የማይገበያይበት፣ ለማለፍ ብቻ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከተማን ያስጌጣል፤ ሁለተኛው ከተማን ያሳርፋል። አንዱን መንገድ ሁለቱንም ሁን ማለት ግን በአዲስ አበባ እንደታየው ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ለንደኖች መንገዳቸው ከተፈጸመ በኋላ መኪናው ወዲያው እንደሞላው፣ ከዚያም እያሰፉ እንደኖሩ የሚነገረውን ታሪክ ግን ለገዳሪፍ ማስፈራሪያ አድርጎ ማቅረብ አላምንበትም፤ አውቶሞቢል ከቤት በበዛበት አገር የተወለደ ፍርሃት፣ ከባድ መኪናና ባጃጅ በሚነዳበት አገር ተመሳሳይ ፍሬ አያፈራምና።

አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ፤ የገዳሪፍ መንገድ ጉዳይ በጎላ መልኩ የሚወሰነው ከመሬት በታች ነውና። በከተማዪቱ ዙሪያ የተዘረጋው ሜዳ፣ በራሃድና በአትባራ ወንዞች መካከል ካለው የጥቁር ድንጋይ ዝቅተኛ ተረተር ወርዶ፣ እኛ ዋልካ የምንለው ጥልቅ ጥቁር አፈር ነው። ለማሽላና ለሰሊጥ የተባረከ አፈር ቢሆንም ለመንገድ ሠሪ ግን ጠላት ነው፤ ዝናም ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ሲደርቅ ይሸበሸብና የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አስፋልቱ ሲነጠፍበት ከመካከሉ በታች ያለው አፈር ብዙ ሳይረጥብ ብዙም ሳይደርቅ ይኖራል፤ የዳሩ አፈር ግን ክረምት ሲመጣ ጠጥቶ ይነሣል፣ በጋ ሲመጣ ደርቆ ይወርዳል፤ በዚህ ምክንያት ስንጥቁ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ በርዝመቱ ይሄዳል፣ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ጉድጓድ ይሆናል። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዋልካው እስከሚቻለው ጥልቀት ተነሥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ማንሣት ባልተቻለበት አፈሩ ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ ይጠቀጠቃል፣ የመንገዱ ትከሻ ሰፍቶ በአስፋልት ይሸፈናል፣ የውኃ መሄጃው ቦይም ከመንገዱ እግር ይርቃል። ድንጋይ በአቅራቢያው ካለው ተረተር ይገኛልና ችግሩ ዕቃ ማጣት አይደለም፤ ችግሩ ሥራው ሁሉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት መፈጸም ያለበት መሆኑ፣ በእነዚሁ ወራት ደግሞ መኪናውም ሠራተኛውም ወደ አዝመራው የሚሄድ መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ውኃው ነው። በሜዳ ላይ በክብ የሚሠራ ከፍ ያለ የመንገድ ድልድል፣ ሠሪው ቢያስብም ባያስብም፣ ግድብ ነው፤ ከተረተሩ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ቀድሞ ተበትኖ በሜዳው ይሰርግ የነበረው፣ አሁን በድልድሉ ተገድቦ ወይ ከእርሻው ወይ ከድሆች ቤት ላይ ይተኛል። ውኃውን በድልድሉ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ በቂ ቁጥር ቢኖረው እንኳ በጥቁር ጭቃ በአንድ ክረምት ይሞላልና፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የሚጠርገው ሰውና የሚጠረግበት በጀት ካልተመደበለት እንደሌለ ይቆጠራል። ለአንድ ቅስት የሚወጣው የቱቦና የድልድይ ወጪ ለሙሉ ቀለበት ከሚወጣው ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከወጪውም በላይ፣ ቅስቱ ከተረተሩ በላይ ወይም በታች መሆኑን መምረጥ ይቻላል፣ ክብ ግን በግድ ሁለቱንም ይቆርጣል። በዚህ ላይ በ2006 ዓ.ም. በገዳሪፍ የተመረቀው፣ ከኢትዮጵያ በመተማና በገላባት በኩል የመጣው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ምሶሶዎች፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎችና የባቡሩ ሐዲድ አሉ፤ እያንዳንዳቸውን መሻገር ልዩ ሥራና ልዩ ስምምነት ይጠይቃል። የሹክሪያና የሌሎች ከብት አርቢዎች መንጋ ከራሃድ ሜዳ ወደ ደረቁ ሰሜን በየዓመቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚያልፍበትም ስፍራ እንዲሁ ነው፤ ግመል በእግረኛ ድልድይ አይወጣምና፣ ለመንጋ መተላለፊያ ሳይተው የተሠራ ድልድል በመጀመሪያው ክረምት ፍርስራሽ ወይም የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ስለ መሬቱ ባለቤትነት አጭር ቃል ልጨምር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ተብሏል፤ በኢትዮጵያም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ለልማት ሲወሰድ የሚከፈለውን ካሳ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ሲወስን ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቷል። ሕጉ በሁለቱም አገር ለመንገድ ሠሪው ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ቅለት ምክንያት ነው ሠሪው ሰፊ መሬት በርካሽ ወስዶ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሳይጠብቅ የሚተወው። የመንገድ ወሰን በሲሚንቶ ምሰሶ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው መገንጠያዎቹን ጥቂት በማድረግና ለመኖሪያና ለንግድ የሚሆን ሌላ መሬት ከወሰኑ ውጭ አስቀድሞ በመስጠት ነው። ገዳሪፍና አካባቢዋ ደግሞ ስደተኛ ያልተለያቸው ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በተዋዋና በኡም ራኩባ ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፣ ቤተ እስራኤላውያንም ወደ እስራኤል የተወሰዱት ከዚያው አካባቢ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የመጡት በሐምዳይት በኩል ገብተው እንደገና በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ከካርቱምና ከገዚራ የተሰደደው ራሱ ሱዳናዊው ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ፈሰሰ። እንግዳ የሚሰፍርበት መሬት ሁልጊዜ ርካሹ፣ ማለት የመንገዱ ዳር ነው። ስለዚህ የቀለበት መንገድ ዕቅድ ስደተኛውን ያላሰበ እንደሆነ፣ ስደተኛው ራሱ ዕቅዱን ያስተካክለዋል።

ይህን ሕዝብ ያሰደደው፣ በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሣው ጦርነት ሌላም ነገር ገልጧል። የዋድ መዳኒ ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ፣ የሠራዊቱም መንግሥት በፖርት ሱዳን ሲቀመጥ፣ ገዳሪፍ በሁለት ታላላቅ ከተሞች መካከል ያለች ማለፊያ መሆኗ ቀርቶ፣ ከወደቡ የሚመጣው መንገድ የሚያበቃባት መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ዋድ መዳኒ በጥር 2025 ስትመለስ ደግሞ ነገሩ እንደገና ተለወጠ። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ቆጠራ ተመሥርቶ በምዕራብ በኩል ሰፊ ቅስት የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ባዶውን በዋለ ነበር። የገላባቱም መንገድ እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሱዳን ነዳጅ ስታስገባ፣ ለሰሜኑ ክፍል የሚሆን ማዳበሪያም በፖርት ሱዳን በኩል ስታመጣ፣ ቦቴውና ተሳቢው ሁሉ በዚህ መንገድ ነበር የሚያልፈው፤ ድንበሩ ሲናወጥ ግን መንገዱ ይቆማል። ከ1894 ዓ.ም. ውል ጀምሮ ሲያከራክር የኖረው የፋሽጋ መሬት ከዚሁ መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት መተማ ዛሬ የጉምሩክ ኬላ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. ክረምት የሳንድፎርድ ጓድ ዐርበኞችን ለመርዳት ወደ ጎጃም የተነሣባት ዶካም አሁን የተሳቢ መተላለፊያ ናት። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ በዚህ መስመር ያልፍ የነበረው ብዙ ጊዜ ተለውጧልና፣ በእንዲህ ያለ አካባቢ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ለሃምሳ ዓመት መሥራት ጥበብ አይደለም።

በእኛ በኩል ያለውን ለማነጻጸር ያህል፣ ከመተማ የሚመጣው መንገድ ከባሕር ዳር ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ በአዘዞ ስለሆነ፣ ከገላባት ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ተሳቢ ፋሲል ግንብ አጠገብ መድረስ አያስፈልገውም፤ ማንም ያላቀደው የመንገድ መገንጠያ ለጎንደር የቀለበትን ከፊል ሥራ ሠርቶላታል። ባሕር ዳር ደግሞ ለብዙ ዘመን ከተማውንም አላፊውንም በአንድ የአባይ ድልድይ ላይ አሳልፋ፣ በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ሲመረቅላት ዕረፍት አገኘች። ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምረዳው፣ አንድ በትክክለኛ ስፍራ የተሠራ ድልድይ ወይም መገንጠያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሙሉ ክብ ይበልጥ እንደሚረባ ነው።

ጭነቱም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገው የመንገድ ፈተና እንደታወቀው፣ በአንድ አክሰል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን የአስፋልቱ ጉዳት በዐሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ይበዛል። እህል ጭኖ ከሕጉ በላይ የከበደ ተሳቢ፣ በዋልካ ላይ በተነጠፈ ቀጭን አስፋልት ሲሄድ፣ ለሃያ ዓመት የታሰበውን በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ የቅስቱ መጀመሪያ ላይ የሚዛን ጣቢያ ሊኖር ይገባል፤ ሚዛኑ ደግሞ ከተሳቢው ማረፊያ፣ ከነዳጅ ማደያውና ከአዲሱ የእህል መራገፊያ ጋር አንድ ስፍራ ቢሆን፣ ሹፌሩ ለመመዘን ብቻ ሳይሆን ለመጫንና ለማደርም ይቆምበታልና፣ ሚዛኑን ሸሽቶ በከተማው መካከል የሚያቋርጥበት ምክንያት ይቀንሳል። የከተማው ባለ ሱቅም የሚፈራው ገበያው ሙሉ በሙሉ ይርቀኛል ብሎ ከሆነ፣ የችርቻሮው ገበያ በነበረበት ቀርቶ የጅምላው ብቻ ወደ ቅስቱ እንዲወጣ፣ ለእርሱም በአዲሱ ስፍራ የቅድሚያ መብት እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል።

የሚቀድመው እንግዲህ ቆጠራው ነው። ቆጠራውም በክረምት ሳይሆን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው፣ እህሉ በሚጓዝበት ወራት፣ በአልፋው፣ በሾዋክና በዶካ በኩል ባሉት ሦስት በሮች፣ ቀንም ሌሊትም መደረግ አለበት፤ ሹፌሩም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደጫነ፣ የት እንደሚያራግፍና የት እንደሚያድር ሊጠየቅ ይገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከምዕራብ ወደ ሾዋክ የሚያልፈው ከበለጠ የሰሜኑ ቅስት ይቅደም፤ ከገላባት ወደ ሾዋክ የሚያልፈው ከበለጠ የምሥራቁ ይቅደም፤ ደራሹ ከአላፊው በልጦ ከተገኘ ግን የአስፋልቱ ሥራ ይቆይና፣ አዲሱ የእህል መራገፊያ በከተማው ዳር ከሚዛኑ ጋር አስቀድሞ ይከፈት፤ ለቀሩት ቅስቶች የሚያስፈልገው የመንገድ ወሰን ግን ገንዘቡ ባይገኝም እንኳ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ይከለል።